የመሥሪያ ቤት ድፎ

የመሥሪያ ቤት ድፎ አንድ ሠራተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜም አንዲት ሠራተኛ፣ ከቤቷ ጋግራ ለባልደረቦቿ የምታቀርበው፣ ከበላተኛው የሚሰበሰበው ገንዘብም ለተቸገረ የሚውል ዳቦ ነው። ከሠርግ ድፎ የሚለየው ዘፈን ስለሌለው፣ ከሰንበቴ ድፎ የሚለየው ቄስ ስለሌለው፣ ከዳቦ ቤት ዳቦ የሚለየው ደግሞ የተቆረጠ ዋጋ ስለሌለው ነው። የተቆረጠ ዋጋ ስለሌለውም ከሁሉም ይበልጥ ይወደዳል።

በጎንደር ከተማ፣ በተለይም ከአራዳ እስከ ፒያሳ ባሉት መሥሪያ ቤቶች፣ ድፎው የሚጋገርባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ከጠለምት ወይም ከቋራ ለሕክምና መጥቶ የመድኃኒት መግዣ ያጠረው ታካሚ አለ። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ቦርሳ የሌለው ተማሪ አለ። ጧሪ ያጡ አዛውንት አሉ። አንዳንዴም ችግረኛው ከውጭ አይፈለግም፤ እዚያው ግቢ ጠዋት ጠዋት በር የሚከፍተው ጥበቃ ወይም ወለል የምታጸዳው ሴት ልጇ ታሞባት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዳቦው የሚጋገረው ለእሷ መሆኑን ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቃል፤ ለራሷ በተጋገረው ዳቦ ላይ አምስት ብር አዋጥታ የሄደች የጽዳት ሠራተኛም አትታጣም።

ከዳቦው በፊት መሥሪያ ቤቶች ለበጎ ሥራ ገንዘብ የሚያሰባስቡባቸው ሦስት መንገዶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። የመጀመሪያው ከደመወዝ መቁረጥ ነው። የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ከተቀመጠ በኋላ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ እየተቆረጠበት ቦንድ ገዝቷል። ግድቡም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ ስለዚህ ዘዴው አይሠራም ብሎ መከራከር አይቻልም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሰጪው መስጠቱን የሚያውቀው ደመወዙን ተቀብሎ ሲቆጥር ነው።

ሁለተኛው የመዋጮ ወረቀት ነው። ስም፣ የገንዘብ መጠንና ፊርማ የሚሉ ዓምዶች ተሰምረውበት ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። የወረቀቱ ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በመጀመሪያው መስመር ነው። ተራ ቁጥር አንድ ላይ 500 ብር ከተጻፈ ተራ ቁጥር ሁለት 100 ለመጻፍ ያፍራል፤ ተራ ቁጥር አንድ ላይ 50 ከተጻፈ ግን ሥራ አስኪያጁም በታላቅ ትሕትና ከ50 አይዘልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አሰባሳቢዎች ወረቀቱን ቀድመው የሚወስዱት ከፍተኛ ደመወዝ ወዳለው ሳይሆን ከፍተኛ ይሉኝታ ወዳለው ሰው ነው።

ሦስተኛው ቶምቦላ ነው። በግ ወይም ስልክ ለዕጣ ይቀርብና ትኬት ይሸጣል። በጉ የሚወጣለት ግን ዘወትር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ወንደላጤ ነው፤ እሱም በጉን ለበጎ አድራጎቱ መልሶ ለመስጠት ሲሞክር ኮሚቴው የሚያሳድርበት ቦታ የለውም።

ድፎው አራተኛው መንገድ ነው። ከሦስቱ የሚበልጠው ሰጪው ገና ሳይሰጥ ስለሚጎርስ ነው። ወረቀት ሲዞር ስብሰባ የሚያስታውሰው ሠራተኛ፣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ኮሪደሩን ሲሞላው ስብሰባ አቋርጦ ይመጣል።

የድፎው አያት ሰንበቴ ነው። በጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ሲባል፣ ከየአጥቢያው ጋር የሰንበቴና የጽዋ ማኅበሩም አብሮ ይታሰባል። የሰንበቴ አባላት በየተራቸው ዳቦና ጠላ ይዘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ይገናኛሉ፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦው ይባረካል፣ ይቆረሳል፣ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጠ ድኻም ድርሻው ይደርሰዋል። የጽዋ ማኅበር ደግሞ በወር አንድ ጊዜ በታቦቱ ቀን፣ ሚካኤል ከሆነ በ12፣ እመቤታችን ከሆነች በ21፣ መድኃኔ ዓለም ከሆነ በ27፣ ባለተራው ቤት ይውላል። ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል፤ ጽዋ የተቀበለ ሰው ወሩን ሙሉ ስንዴ ሲያስብ ይከርማል። የመሥሪያ ቤቱ ድፎ ይህን ሥርዓት ከእሑድ ወደ ሥራ ቀን አዛውሮታል። ጠላው ግን አልተዛወረም፤ ምክንያቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሌላው ዘመዱ የቡሄ ሙልሙል ነው። ነሐሴ 13 ለደብረ ታቦር ልጆች ጅራፍ እያጮኹና እየጨፈሩ በር ለበር ሲዞሩ፣ በየቤቱ የተጋገረው ሙልሙል ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ ዳቦው ገንዘብ አይሰበስብም፤ ራሱ ዳቦው ነው የሚሰበሰበው። በአሁኑ ዘመን ግን ልጆቹ ሙልሙሉን በአንድ እጅ ተቀብለው የብር ኖት እስኪከተል በሌላው እጅ ዱላቸውን መሬት መምታት ይቀጥላሉ። የዳቦንና የገንዘብን ግንኙነት ከእነሱ ቀድሞ የተረዳ የፋይናንስ ባለሙያ የለም።

ዳቦ በጎንደር ዙሪያ የክርስቲያኑ ብቻ ሆኖም አያውቅም። በወለቃና በአምቦበር ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በሰንበት እሳት ስለማይነድ የሰንበቱን ዳቦ ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ጋግረው ያዘጋጁ ነበር፤ እስራኤል ከገቡ በኋላም ልማዱን አልተዉትም። ዳቦ የሁሉም መሆኑ ለመሥሪያ ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። ሥጋ ሲቀርብ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ትሪ ይለያያል፤ ዳቦ ሲቀርብ ግን ሁሉም ከአንድ ሌማት ያነሣል። በረመዳን ሙስሊሙ ባልደረባ ድርሻውን በወረቀት ጠቅልሎ ለማፍጠሪያ ይወስደዋል። የሚከፍለው ግን በቀን ነው፤ ይህም በማንኛውም ሃይማኖት የተመሰገነ ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሩ የታወቀ ነው። በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ መስኮጊ በምትባል ከተማ፣ በአውሮጳውያኑ 1917 የስካውት ልጃገረዶች በየቤታቸው ኩኪስ ጋግረው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ሸጡ፤ ያ ሽያጭ አድጎ ዛሬ አገር አቀፍ ንግድ ሆኗል። በእንግሊዝ ማክሚላን የተባለው የካንሰር ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ከ1990 ጀምሮ በሚያዘጋጀው የጠዋት ቡና፣ ሠራተኞች ኬክ ጋግረው ቢሮ ይዘው ይመጣሉ። ከሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚቀርበው ኮሚክ ሪሊፍ ነው። ድርጅቱ በ1985 የተመሠረተው በኢትዮጵያ ረሃብ ምክንያት ሲሆን፣ መሥራቾቹ የፊልም ጸሐፊው ሪቻርድ ከርቲስና ኮሜዲያኑ ሌኒ ሄንሪ ናቸው። በ1988 የመጀመሪያውን የቀይ አፍንጫ ቀን አከበረ፤ በዚያ ቀን ቀይ የፕላስቲክ አፍንጫ ማድረግ፣ ውሎ አድሮም ኬክ ጋግሮ ለባልደረባ መሸጥ የእንግሊዝ ቢሮ ባህል ሆነ። የሰው ልጅ ለተራበ የሚያዝነው በአብዛኛው እየበላ መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል። ጎንደርም በዚህ ረገድ ከሎንደን አታንስም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ስንዴው ከወገራ፣ ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣ ቢሆን ይመረጣል፤ የደጋ ስንዴ ነው። ዱቄቱ በእርሾ ከተቦካ ሌሊቱን ያድራል፤ በሱቅ እርሾ ከሆነ በጥቂት ሰዓት ኩፍ ይላል። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባበታል፤ ዘይትም ጠብ ይደረግበታል። ምጣዱ ወይም ድስቱ በኮባ ቅጠል ይለበጣል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይም ሌላ ኮባ ይለብሳል። ኮባ ሱቅ ውስጥ ስለማይገኝ ጓሮ ካላት ጎረቤት ይለመናል። በዚህም ምክንያት የማንኛውም የመሥሪያ ቤት ድፎ የመጀመሪያዋ ለጋሽ መሥሪያ ቤቱን ረግጣው የማታውቅ ሴት ናት።

ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ይፈልጋል። በምድጃ የሚጋገር ከሆነ ከታች እንጨትና ኩበት ይነድና ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ምጣዱ ሲሰካ የጎረቤት አምፖል ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። መብራት ከሄደም የሚሄደው ዳቦው ሳይጀመር ወይም ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ታቹ በስሎ ላዩ ሊጥ ሳለ ነው። በዚህን ጊዜ ልምድ ያላት ጋጋሪ ሁለት ነገር ታደርጋለች፤ ምድጃውን ታቀጣጥላለች፣ ቤተሰቡንም ከእንቅልፉ ትቀሰቅሳለች። ቤተሰቡን የምትቀሰቅሰው እንዲረዳት ሳይሆን ብቻዋን እንዳትናደድ ነው። መብሰሉ የሚለካው በስንደዶ ነው፤ መሐል ላይ ተወግቶ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

አንዳንድ ወጣት ሠራተኞች ከድፎ ይልቅ ኬክ ይመርጣሉ። ኬክ በጎንደር የሚወድቅበት ምክንያት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ግፊቱ ሲያንስ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይለጠጣል። ኬኩ ቶሎ ያብጣል፣ ዙሪያው ሳይጠነክር ጣሪያ ይደርሳል፣ ከዚያም መሐሉ ይሰምጣል። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ አሠራር ሲከተሉ ፓውደሩንና ስኳሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን መጨመርና የምድጃውን ሙቀት ከፍ ማድረግ ይገባል። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው በደባርቅ ደግሞ ከዚህም በላይ መቀነስ ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀች ጋጋሪ የሰመጠውን መሐል በክሬም ሞልታ ታቀርባለች፤ ባልደረቦቿም ክሬም በዝቶበታል ብለው ያመሰግናሉ። ድፎ ግን የተወለደው እዚሁ ከፍታ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አይጠይቅም።

ኬክ የሚሸነፍበት ሁለተኛ ሜዳ የቀን መቁጠሪያው ነው። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር ረቡዕና ዓርብ አይበላም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም ሲጨመሩ፣ ለኬክ የሚተርፉት የሥራ ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም ግማሹ ስብሰባ አለባቸው። በዘይት የተጋገረ ድፎ ግን የጾም ነው። በጾም ቀን ሰዓቱን መጠበቅ ብቻ ያስፈልጋል፤ ጿሚው እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፉን ስለማይፈታ፣ በአራት ሰዓት የሻይ እረፍት የቀረበ ዳቦ የሚያገኘው አድናቂ እንጂ በላተኛ አይደለም።

ከጾሙ ቀጥሎ የሚታየው ደመወዝ ነው። ደመወዝ በወጣበት ዕለት መጋገር ስሕተት ነው፤ ያ ቀን የእቁብ፣ የእድርና የሱቅ ዱቤ ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ሠራተኛው ከዕዳው ተርፎ ለጥቂት ሰዓታት ራሱን ባለጸጋ አድርጎ ያስባል። ድፎው መድረስ ያለበት በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ነው። በአምስተኛው ቀን የቀረበ ዳቦ የሚሰበስበው ምርቃት ብቻ ነው፤ ምርቃት ደግሞ በሞዴል 64 ደረሰኝ አይቆረጥለትም።

ማጓጓዙ ቀላል አይምሰል። ከማራኪ ወይም ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ድፎ በባጃጅ ሲመጣ በነጠላ ተሸፍኖ የአንድ ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሾፌሩም የአንድ ሰው ሒሳብ ይጠይቃል። ጋጋሪዋ ሒሳቡን ከመክፈሏ በፊት ዳቦው ለታመመ ሰው መሆኑን ትነግረዋለች። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ ሒሳቡን ይተዋል፤ ቅያሱን ወርዶ ሳይጨርስም ከጫፉ ትንሽ እንዲቆረስለት ይጠይቃል። ያልተባረከ ዳቦ መቁረስ ስለማይገባ የሚያገኘው ተስፋ ነው። በዚህ ስሌት ባጃጁ ሁለተኛው ለጋሽ ይሆናል።

ዳቦው መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ የሥነ ሥርዓት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የግቢው ጥበቃ ገቢ ዕቃ የመፈተሽ ግዴታ አለበት፤ ድፎንም በሚገባ ይፈትሻል። የንብረት ክፍሉ ቀልደኛ ከሆነ ዳቦው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ እንዲደረግ ሐሳብ ያቀርባል። ኦዲተሩ ሲሰማ አይስቅም።

ቆራሹ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሁሉም ጋሸ የሚሏቸው፣ ጡረታቸው የደረሰ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይጠፉም። «ጋሸ፣ ይባርኩልን እንጂ» ይባላሉ፤ እሳቸውም አለቃው ካልመጡ አይሆንም ይላሉ። አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው። ዳቦው ይጠብቃል፤ ሰዉ ይጠብቃል፤ ባለጉዳዩም ምን እንደሚጠበቅ ሳያውቅ ይጠብቃል። አለቃው መጥተው «ኧረ እርስዎ እያሉ!» ሲሉ ቢላዋው ወደ ጋሸ ይመለሳል። ይህ ልውውጥ እንደማይቀር ሁሉም እያወቀ አንድም ጊዜ ተዘሎ አያውቅም። ከምርቃቱ በኋላ ጋሸ የሚቆርሱት አንዱን ብቻ ነው፤ የቀረውን በእኩል መጠን የመቆራረጡ ኃላፊነት ለገንዘብ ያዧ ይሰጣል፤ ሳንቲም የማታጎድል እጅ ፍርፋሪም አታጎድልም ተብሎ ስለሚታመን ነው።

ከዚህ በኋላ የሥራው ዋና ክፍል፣ ክፍያው፣ ይመጣል። እዚህ ላይ የጎንደር ሰው ከኦክላሆማ ይለያል። በቤት የተጋገረ ዳቦን ለሚያውቁት ሰው በዋጋ መሸጥ ነውር ነው። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሠራተኛም እንደ ባዕድ ይታያል። ተገቢው መልስ «የፈቀድከውን» ነው፤ ይህ መልስ ከማንኛውም ዋጋ የከበደ ነው። ዳቦው 20 ብር ቢባል ሁሉም 20 ከፍሎ ይገላገል ነበር። የፈቀድከውን ሲባል ግን ሰውዬው ብር የሚጣልበት ካርቶን ፊት ቆሞ ፈቃዱን መመርመር ይጀምራል፤ ከኋላው የተሰለፈውም ሰው ይህንኑ ፈቃድ ይመረምራል።

ዕቃው ራሱ ለውጥ ያመጣል። በቀጭን ቀዳዳ የሚያስገባ የተዘጋ ካርቶን ባለ አምስትና ባለ አሥር ኖቶችን ይስባል። ክፍት ትሪ ደግሞ፣ አስቀድሞ ሁለት ባለ መቶ ኖት ከተጣለበት፣ ሌሎች መቶዎችን ይጠራል። የ200 ብር ኖት በመስከረም 2013 ዓ.ም ከወጣ ወዲህ አንድ አዲስ ዓይነት ለጋሽ ተፈጥሯል፤ እሱም 200 ብር ጥሎ 190 ብር መልስ ራሱ የሚያነሣ ነው። በሩቅ ሆኖ ያየው ሁሉ 200 እንደሰጠ ያስባል፤ እሱም አያስተባብልም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር «ዝርዝር የለኝም» የሚለው ምክንያት ይቀራል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። ምክንያቱ አልቀረም፤ «ኔትወርክ የለም» በሚል ተተካ እንጂ።

በላተኞች በአምስት ይከፈላሉ። አንደኛው ከፍሎ የማይበላ ነው፤ ስኳር አለበት ወይም እየጾመ ነው፤ ለጋሽነቱ ንጹሕ ነው። ሁለተኛው በልቶ የማይከፍል ነው፤ «ቆይ እመጣለሁ» ይላል፤ ይመጣልም፤ የሚመጣው ግን ለሁለተኛው ቁራሽ ነው። ሦስተኛው ለልጁ የሚጠቀልል ነው፤ የልጆቹ ቁጥር ዳቦ በቀረበ ቁጥር ይጨምራል። አራተኛው ገምጋሚው ነው፤ የእናቱን ድፎ እያነሣ ያነጻጽራል፣ ጨው አነሰው ወይም እርሾው በዛ ይላል፣ አስተያየቱንም እንደ መዋጮ ይቆጥረዋል። አምስተኛው ዝም ብሎ ቆርሶ፣ ዝም ብሎ ጥሎ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ነው። ካርቶኑ ሲቆጠር ከተገኘው ገንዘብ አብዛኛው የእሱ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ከሌሎቹ አራቱም እያንዳንዱ ራሱን ይጠረጥራል።

አንድ ጥብቅ ክልከላ አለ። ካርቶኑ በምንም ምክንያት አገልግሎት በሚሰጥበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥም። ከገጠር ካርታ ሊያወጣ ወይም ግብር ሊከፍል የመጣ ባለጉዳይ፣ በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ ብር የተጣለበት ካርቶን ሲያይ ስለ በጎ አድራጎት አያስብም። ግድግዳው ላይ «ከሙስና የጸዳ አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ባለጉዳዩ ወረቀቱን አንብቦ፣ ካርቶኑን አይቶ፣ በታላቅ መረዳት ኪሱን ይዳብሳል። ስለዚህ ባለጉዳይ በነጻ ይቀምሳል። «ስንት ልክፈል?» ካለም «እንግዳ አይከፍልም» ይባላል። ጉዳዩ ግን እንደ ዳቦው ቶሎ አይደርስለትም።

የመጨረሻዋ ቁራሽ አትበላም፤ ትጫረታለች። ይህ ልማድ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን የገቢ ማሰባሰቢያ ነው። በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ አገር በሚገኙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሥዕል፣ ጃንጥላ ወይም ድፎ ለጨረታ ይቀርባል፤ ያሸነፈ ሰውም ከፍሎ ዕቃውን እንደገና ለጨረታ መስጠቱ የተለመደ ነው። በመሥሪያ ቤት ሲሆን የዳቦዋ ጥግ በ50 ብር ትነሣለች፤ የግዥ ክፍሉና የዕቅድ ክፍሉ ይፎካከራሉ፤ ዋጋው ሲወጣ ሁለቱ ክፍሎች ለዓመታት ሲያስታምሙት የቆየ ቂም አብሮ ይወጣል። አሸናፊው ከፍሎ መልሶ ይሰጣታል፤ እንደገና ትሸጣለች። አንዲት እፍኝ የማትሞላ ቁራሽ ከቀሪው ዳቦ ሁሉ የበለጠ ገንዘብ የምታስገባበት ጊዜ ብዙ ነው። የግዥ መመሪያ የሚያውቁ ሠራተኞች ሦስት ፕሮፎርማ ያልተሰበሰበበት ግዥ መሆኑን እየጠቆሙ ይጫረታሉ።

ገንዘቡ ሲቆጠር ኮሚቴው ደስ ይለዋል። በትክክል ከታሰበ ግን ሒሳቡ ሌላ መልክ አለው። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ አዝሙዱ፣ መብራቱ ወይም እንጨቱ፣ የባጃጁ ሒሳብና ያልተተኛው ሌሊት ቢደመሩ፣ የዕለቱ ትልቋ ለጋሽ ጋጋሪዋ ናት። ስሟ ግን በሰጪዎች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ እሷ የሰጠችው በብር አልተቆጠረማ። 20 ብር የጣለው ሰው በቃለ ጉባኤው ይመሰገናል፤ እሷ የምትመሰገነው «ዳቦው ጥሩ ነበር» በሚል ነው፤ በሚቀጥለው ወርም እንደገና እንድትጋግር ይወሰናል። ጥሩ የጋገረች ሴት ቅጣቷ ይህ ነው።

ሰንበቴ ይህን ችግር ከብዙ ዘመን በፊት ፈትቶታል፤ መፍትሔው ተራ ነው። ማንም ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይጋግርም፤ ማንም ተራውን አይዘልም። መሥሪያ ቤቶችም ይህን ሲከተሉ ወንዶች ተራ ይደርሳቸዋል፤ በዚህን ጊዜ አራት ዓይነት ወንዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ከዳቦ ቤት ገዝቶ በኮባ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ፉርኖን ኮባ እንደማይደብቀው የሚያውቀው ካቀረበ በኋላ ነው። ሁለተኛው ባለቤቱ የጋገረችውን ያመጣና «ጋገርን» ይላል። ሦስተኛው የዱቄት መግዣ ሰጥቶ ከእትየ እገሌ ጋር ይስማማል፤ ተራው የእሱ፣ ሌሊቱ የእሳቸው ይሆናል። አራተኛው ራሱ ይጋግራል። የእሱ ድፎ ታቹ ያረረ፣ መሐሉ የተሸበሸበ፣ ጨው ሁለት ጊዜ የገባበት ነው፤ ግን ሕንፃው በሙሉ ከየፎቁ ወርዶ ይቀምሰዋል፤ «ጎበዝ!» ይባላል፤ ካርቶኑም ይሞላል። ያ አራተኛው ዓይነት የገምጋሚውን አፍ እንኳ ያዘጋዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የገቢው መጠን በዳቦው ጥራት እንደማይወሰን ነው፤ ሲጋግር ታይቶ የማይታወቅ ሰው ሲጋግር ገቢው ያድጋል። ስለዚህ ተራው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢደርስ ለበጎ አድራጎቱ ይጠቅማል፤ ለሆድ ግን ዋስትና የለውም።

ርክክቡ አጭር መሆን አለበት። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊት ይቆጠራል፣ በቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ለባለችግሩ ወይም ለሚያሳክመው ሰው በፊርማ ይሰጣል። ተቀባዩን አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም፤ ድኻው በሰንበቴ ዳቦውን ሲቀበል ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም። መድኃኒት ከሆነ መድኃኒቱ ተገዝቶ ቢሰጥ ይሻላል፤ ደብተር ከሆነም ደብተሩ።

የመጨረሻው ተግባር ሌማቱን መመለስ ነው። ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ የዱቄቱ ዋጋ ከተሰበሰበው ላይ ተቀንሶ ሌማቱ ውስጥ እንዲቀመጥ ኮሚቴው ይወስናል። ጋጋሪዋ ስታየው ትቆጣለች፤ ገንዘቡንም ወስዳ ካርቶኑ ውስጥ ትጥለዋለች። ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ ልትቆርጥላት ትፈልጋለች፤ ስሜ አይጻፍ ትላለች። ስለዚህ በቃለ ጉባኤው «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ለጋሽ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በዚህም በዝርዝሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትገባለች። የሚቀጥለው ወር ባለተራም በዚያው ገጽ ግርጌ ይፈርማል።